የጥቅስ አድራሻ በመዝገበ ቃላት፤ ከጆንሰን እስከ አገው ምድር

መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የቃልን ትርጉም በምሳሌ ሲያስረዳ፥ ምሳሌውን ወይ ራሱ ይሠራዋል፥ ወይም ከታወቀ መጽሐፍ ይጠቅሰዋል። ጥቅሱ ይበልጥ ይታመናል፤ የሚታመነው ግን አንባቢው ምንጩን ገልጦ ለማየት ሲችል ነው። ይህ አጭር ጥናት የጥቅስ አጻጻፍ እንዴት እንደ ተሻሻለ፥ በዳንግላና በእንጅባራ አካባቢ ለሚነገረው ለአውንጊ ቋንቋም ምን እንደሚጠቅም ይመለከታል።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ጥቅሶችን አስገብቷል። (ሰውዬው ለሀገራችን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በ1735 ያወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ ወደ ዓባይ ምንጭ የደረሰው የጄሮኒሞ ሎቦ የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነበር።) ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚጽፈው የደራሲውን ስም ብቻ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ዐረፍተ ነገሩን ይቆርጥ እንደ ነበረና በዚህም አሳቡ ሊለወጥ እንደሚችል በመቅድሙ አምኗል።

ጀርመናዊው ዲልማን በ1865 ባወጣው የግእዝ መዝገበ ቃላት ከዚህ የተሻለ መንገድ ተከተለ። የመጽሐፉን ስም በምሕፃረ ቃል፥ ምዕራፉንና ቁጥሩን በአኃዝ ያመለክታል። አንባቢው የትኛውንም የመጽሐፍ ቅዱስ ቅጅ ቢይዝ ቦታውን ያገኘዋል።

ልብ ወለድ ግን ቁጥር የለውም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ደጋግሞ ስለ ታተመ፥ የገጽ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ምዕራፉና የኅትመቱ ዓመት አብረው መጻፍ አለባቸው። ከዚህም በላይ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ መገለጽ ይገባዋል። በጉዱ ካሣ አፍ የተነገረ ቃልና ተራኪው የተጠቀመበት ቃል እኩል ምስክር አይደሉም፤ አንዱ በምፀት የተባለ ሊሆን ይችላልና። በኢንተርኔት በሚነበብ መዝገበ ቃላት የወረቀት ጥበት ስለሌለ የጆንሰን ምክንያት አይሠራም። ጥቅሱ ሙሉውን ይግባ፤ ከተቆረጠም የተቆረጠበት ቦታ በነጥቦች ይታወቅ።

አውንጊ የቆየ ልብ ወለድ ባይኖረውም የቆየ ጽሑፍ አለው። ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በነበረበት ጊዜ መኃልየ መኃልይን ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች አስተርጕሞ ነበር፤ አንዱም የዳሞት አገው ቋንቋ፥ ማለት ዛሬ አውንጊ የምንለው ነው። የእጅ ጽሑፉ በኦክስፎርድ ቦድሌያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ቻርልስ ቤክ በ1840ዎቹ የሰበሰበው የቃላት ዝርዝር ቃሉን ብቻ ሲሰጥ፥ ይህ ግን ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ ይሰጣል፤ እንደ ዲልማን በምዕራፍና በቁጥር ለመጥቀስም ይመቻል።

የፊደል ጉዳይም አለ። ከአፍ ጓዳ በአፍንጫ ለሚወጣው የአገው ድምፅ የሚያገለግለው ጘ በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። በእርሱ ምትክ ን ወይም ኝ ቢጻፍ ፈላጊው ቃሉን አያገኘውም። ከብሩስ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ቃል ግን መጀመሪያ በእጅ ጽሑፉ እንዳለ ይቀዳ፤ የዛሬው አጻጻፍ ከጎኑ በቅንፍ ይግባ። «ትርጉም» የሚል ምልክትም ይጨመርበት፤ የቃላቱ አደራደር የአውንጊ ይሁን ወይም የተተረጐመበት ቋንቋ ተለይቶ እንዲመረመር። ከዚያ በታች ያው ቃል ዛሬ ሲነገር የተሰማበት ዐረፍተ ነገር፥ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ተብሎ ቦታውና ዓመቱ ተጽፎ ይቀመጣል።