እየራቀ የሄደው ፍልውሃ

በአሜሪካ፣ ከሲያትል ከተማ በስተምዕራብ፣ ከባሕሩ ማዶ በሚገኘው የኦሊምፒክ ልሳነ ምድር፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ኦሊምፒክ የሚባል ፍልውሃ አለ። በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአቅራቢያው ባለችው በፖርት አንጀለስ ከተማ የሚኖር ሰው ጠዋት መኪናውን አስነስቶ፣ ተነክሮና ላቡን አውጥቶ፣ ለእራት ቤቱ መመለስ ይችል ነበር። ዛሬ እዚያው ለመድረስ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር መጓዝ ያስፈልጋል፤ መመለሻውም ያው ነው። ሌላው ቦታ ሁሉ በመንገድና በመኪና ሲቀርብ ይህ ፍልውሃ እየራቀ ሄዷል። ያራቀውም በአብዛኛው የሰው ውሳኔ ነው።

የአገሬው ነባር ሕዝቦች ስለ ውሃው የሚያወሩት ተረት አላቸው። ሁለት ዘንዶዎች በተራራው ግራና ቀኝ ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ተገናኝተው ተናነቁ፤ ቢታገሉ ቢታገሉ አሸናፊ ጠፋ። ሁለቱም በንዴት ወደየዋሻቸው ገብተው ማልቀስ ያዙ። ትኩስ እንባቸው በአንዱ ሸለቆ ሶል ደክ፣ በሌላው ኦሊምፒክ ፍልውሃ ሆኖ ይፈልቃል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ግን የሚያወሩት ስለ መሬት ስንጥቅ ነው። በእነዚህ ተራሮች ውስጥ ንቁ እሳተ ገሞራ የለም፤ ዝናብና የቀለጠ በረዶ በስንጥቁ አድርጎ ጥልቅ ድረስ ይሰርጋል፣ እዚያ ይግላል፣ ተመልሶም ይወጣል። ውሃ ደግሞ በዚህ አገር አይታጣም። በምዕራብ በኩል ባሉት ሸለቆዎች በዓመት ከ3 ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ የዛፍ ሽበቱም ከየቅርንጫፉ ተንዘርፍፎ ይታያል።

የገንዘብ ዓይን መጀመሪያ ያረፈው በሶል ደክ ላይ ነበር። በ1880ዎቹ ቴዎዶር ሞሪትዝ የተባለ ሰፋሪ አንድ የተጎዳ የአገሬው ተወላጅ አስታመመ፤ ሰውዬውም ውለታውን ለመመለስ ፍልውሃውን አሳየው ይባላል። ሞሪትዝ መሬቱን ያዘ፣ የሴዳር ግንድ ፈልፍሎ የመታጠቢያ ገንዳ አደረገ፣ ለእንግዳ ማደሪያ ጎጆዎች ቀለሰ። በሽተኛው ጭቃውንና ወንዙን ተሻግሮ ይመጣ ጀመር። ከመጡት አንዱ ማይክል ኧርልስ የተባለ የእንጨት ከበርቴ ነበር። ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውብኝ ያዳነኝ ይህ ውሃ ነው ይል ነበርና፣ ሞሪትዝ ሲሞት ቦታውን ገዛው። ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያህል አፍስሶም በግንቦት 1912 ባለ 4 ፎቅ ሆቴል ከፈተ። ጎልፍ መጫወቻ፣ ቴኒስ ሜዳ፣ ቲያትር ቤት፣ 100 አልጋ ያለውና የራጅ ማንሻ የተገጠመለት ሕክምና ቤት፣ ሁሉም በዚያ ጫካ መሐል ቆሙ። እንግዳው ከሲያትል በመርከብ ይነሣል፤ ከዚያም የክሬሰንት ሐይቅን በጀልባ ተሻግሮ ኧርልስ ባስጠረገው መንገድ በእንፋሎት መኪና ይገባል።

ያ ሁሉ ድግስ የቆየው 4 ዓመት ነው። በግንቦት 1916 ከጭስ ማውጫው የተፈናጠረ ፍም የእንጨት ጣሪያውን ያዘውና ሆቴሉ በ3 ሰዓት ውስጥ አመድ ሆነ። ቃጠሎው ሲበረታ የሆቴሉ ኦርጋን ኤሌክትሪክ ተገናኝቶ መሣሪያው በገዛ እጁ የቤትሆቨንን የቀብር ማርሽ ይጫወት ጀመር የሚል ወሬም አለ። ወሬው ከመጠን በላይ ያማረ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ማመን ይከብዳል፤ እስካሁን ሲነገር የኖረውም ስላማረ ሳይሆን አይቀርም።

በዘንዶዎቹ ታሪክ ሌላኛው ወገን፣ በኤልዋ ወንዝ ሸለቆ፣ ኑሮው ከዚህ የቀለለ ነበር። ቢሊ ኤቨረት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በ1907 የኦሊምፒክ ፍልውሃን አገኘ። ከ15 ዓመት በፊት አይቼዋለሁ ያለ ሌላ ሰውም አለ፤ የአገሬው ተወላጆች ግን ከሁሉም ቀድመው ያውቁት ነበር። የኤቨረት ቤተሰብ በቦታው ማረፊያ ቤት፣ ጎጆዎችና የመዋኛ ገንዳ ሠራ፤ ዘግይቶ የመኪና መንገድ ገባለት። በሰኔ 1938 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክን የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ። ማረፊያው በፓርኩ ሥር እስከ 1966 ድረስ ቆየና ተዘጋ፤ ሕንጻዎቹም ተነሡ። በኋላም የመንገዱ የመጨረሻ 4 ኪሎ ሜትር ለመኪና ተከልክሎ የእግር መንገድ ሆነ።

የቀረውን መንገድ የበላው ወንዙ ራሱ ነው። ኤልዋ በ1913 እና በ1927 በተጠናቀቁ ሁለት ግድቦች ታንቆ ኖሯል፤ ግድቦቹ ለፖርት አንጀለስና ለእንጨት ፋብሪካዎቿ መብራት ሲሰጡ፣ ለሳልሞን ዓሣ ግን ማለፊያ አልተተወለትም። ዓሣው ምግቡም ክብሩም የነበረው ነባሩ የክላላም ሕዝብ ለዓመታት ሲሟገት ቆይቶ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1992 ወንዙ ወደ ነበረበት እንዲመለስ የሚያስችል ሕግ አወጣ። የማፍረሱ ሥራ በ2011 ተጀምሮ በ2014 አለቀ። የታችኛው ሐይቅ ሲደርቅ ክላላሞች የፍጥረታቸው መጀመሪያ የሚሉት፣ መቶ ዓመት ያህል ውሃ ሸፍኖት የኖረው ቅዱስ ዓለት ብቅ አለ። ሳልሞኑም ወደ ላይኛው ወንዝ መውጣት ጀመረ።

ከግድቦቹ ጀርባ ለአሥርተ ዓመታት የተከማቸው ደለል ግን አብሮ ተለቀቀ። የወንዙ ወለል ከፍ አለ፣ ውሃው ወደ ቀድሞ መሄጃው ዞረ፤ የጎርፉ ወራት ሲመጣም ሁለት የድንኳን ሰፈሮችንና መንገዱን ጠርጎ ወሰደ። ተጠገነ፣ እንደገና ተቆረጠ። ከ2017 በኋላ መኪና ማዲሰን ከሚባለው ፏፏቴ አያልፍም። ለሳልሞኑ የተከፈተው መንገድ ለመኪናው ተዘጋ ማለት ነው፤ ፍትሐዊ ልውውጥ ይመስላል።

ያም ሆኖ ሰው መሄዱን አልተወም። አንዳንዱ ብስክሌት ይዞ በአሮጌው አስፋልት ይነዳና የተቆረጠው ጋ ሲደርስ ወርዶ በጠባቡ ማለፊያ ይገፋዋል። ከላይ የሚጠብቀው የመዋኛ ገንዳ አይደለም፤ ሰው ድንጋይ ደርድሮ በጭቃ የመረጋቸው፣ አንዳንዶቹ ከጉልበት የማያልፉ ጉድጓዶች ናቸው። የድኝ ሽታ አላቸው፤ አንዱ ለብ ሲል ሌላው 48 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ፓርኩ ገንዳዎቹን አይንከባከብም፣ የውሃውን ንጽሕናም አይመረምርም፤ የመጣው ሰው በራሱ ኃላፊነት ይግባ ይላል። ጉልበት ወይም ዕድሜ የማይፈቅድለት ደግሞ ወደ ሶል ደክ ይነዳል። ከቃጠሎው በኋላ አነስ ብሎ የተሠራው ማረፊያ ክፍት በሚሆንባቸው ወራት እያስከፈለ ያስተናግዳል፤ መኪናም በሩ ድረስ ይገባል።