ባለ ሁለት ዓይኑ ንጉሥ ሲዞር

አሶሳ ባደግሁበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ የሸራ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። አጎቴ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከአዲስ አበባ ጠቅልሎ ያመጣው፣ ጠርዙ በጉዞ የተላላጠ፣ አርባ አራት ሣጥን ያለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነው። ቤተሰባችን በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ ከመጡት አንዱ ስለነበር ከአገር ቤት የተረፈ ዕቃ አልነበረንም፤ ለአያቴ ያ ሥዕል የደብሯን ግድግዳ የሚተካ ሆኖላት ነበር። ማታ ማታ ኩራዙን ታስጠጋና ጣቷን ከመጀመሪያው ሣጥን አስነሥታ ትተርክልን ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ ከየሣጥኑ ግርጌ የተጻፈውን አማርኛ ግን ሰው ሲያነብላት ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች። ከዘንዶው ወደ ንጉሡ፣ ከንጉሡ ወደ ልጂቱ፣ ከልጂቱ ወደ ነጋዴው ጣቷ ይጓዛል። አንድ ሣጥን ላይ ሲደርስ ግን አይቆምም፤ ፈጠን ብሎ ያልፋል። የትኛው እንደሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ሥዕሉን በኮምፒውተር አኒሜሽን ፊልም ላደርገው ነው ብሎ ተነሥቷል። ብሌንደር የሚባለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ተምሮ፣ የሰሎሞንን ጭንቅላት እንደ ሸክላ እያድበለበለ ሲሠራ ሳየው ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ሥጋት ገባኝ። የሥጋቴን ምክንያት ለመግለጽ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል።

«እኛ ኮሚክ የለንም» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሣጥን ሣጥንን እየተከተለ፣ ከግርጌው ጽሑፍ ይዞ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ የሥዕል ታሪክ ኮሚክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ይህ ዓይነቱ የሳባ ሥዕል በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በአዲስ አበባ የተስፋፋ ነው። ሠዓሊዎቹ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል የበላቸው ይመር ስም ቀድሞ ይነሣል። ገዢዎቹ ብዙውን ጊዜ የውጭ አገር መልእክተኞችና መንገደኞች ስለነበሩ ሥዕሉ ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮችም ይገኛል። የተለመደው አሠራር አራት ረድፍ፣ በየረድፉ አሥራ አንድ ሣጥን ነው።

እነዚህ ሠዓሊዎች ራሳቸው ታሪክን ከአንድ መልክ ወደ ሌላ ያሸጋገሩ መሆናቸው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ክብረ ነገሥት በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልንጀሮቻቸው በግዕዝ ያዘጋጁት መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዘንዶ የለም። ሴት ልጅ እየተገበረለት አገር የገዛው አርዌ፣ እርሱን በዘዴ ገድሎ የነገሠው አጋቦስ፣ እነዚህ ከሕዝብ አፍ የተገኙ ናቸው። ሠዓሊዎቹ የአፉን ከመጽሐፉ ጋር ሰፍተው የአጋቦስን ልጅ ማክዳን ሁለቱን የምታገናኝ ክር አደረጓት። ስፌቱ እንዳይታይም ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው የምንሻገርበትን ቀጭን መስመር ተጠቀሙ። በዚያ መስመር ላይ ዓመታት ያልፋሉ፤ ማንም አይጠይቅም።

ደግሞ ይህ የልጆች ተረት ብቻ አልነበረም። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይመዝ ነበር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውና በሕግ የተጻፈው አንድ ታሪክ ነበሩ ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. መስከረም ንጉሡ ሲወርዱ ሕጉ ወደቀ፤ ሥዕሉ ግን መሸጡን አላቋረጠም።

ወደ ፊልሙ ልምጣ። የተወደደ የሥዕል ታሪክን በኮምፒውተር ማንቀሳቀስ በሌላው ዓለም የተሞከረ ነገር ነው፤ ሁለት ምሳሌ ይበቃኛል። የቤልጅጉ ሄርዤ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ የሣለው ቲንቲን ጥላ በሌለው ሜዳ ቀለምና በአንድ ወጥ ቀጭን መስመር የታወቀ ነው። ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ፊልም ሲያመጣው የተዋንያንን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ቀድቶ ለፊቱ የቆዳ ቀዳዳ፣ ለጸጉሩ ዘለላ፣ ለኮቱ ጥላ ሰጠው። ፊልሙ ይታያል፤ ሩጫው ልብ ያንጠለጥላል። እኔ ግን ቲንቲንን አላገኘሁትም፤ ቲንቲንን የሚመስል አንድ ወጣት አገኘሁ።

ሁለተኛው ፒነትስ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ሹልዝ ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1950 እስከ ፌብሩዋሪ 2000 ድረስ በጋዜጣ ሣለ፤ ድምሩ 17,897 ነው። የመጨረሻው የወጣው እርሱ በሞተ ማግስት ነበር። ዳይሬክተሩ ስቲቭ ማርቲኖና ብሉ ስካይ የተባለው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. ለ2015 ፊልሙን ሲያዘጋጁ አንድ እንቅፋት ገጠማቸው። የሹልዝ ሰዎች ከሁሉም አቅጣጫ አይታዩም! ቻርሊ ብራውን ከፊት አንድ መልክ፣ ከጎን ሌላ መልክ አለው፤ በሁለቱ መካከል ያለው መልክ በወረቀት ላይ ኖሮ አያውቅም። ውሻው ስኑፒ በጎን ሲሣል ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጉንጩ ላይ ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ቢዞር ጉድ ይፈላል። እነ ማርቲኖ ታዲያ ሥዕሉን አላረሙም፤ ኮምፒውተሩን አረሙ። ጭንቅላቱ ቀስ እያለ እንዲዞር ከማድረግ ይልቅ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ዘሎ እንዲገባ አደረጉ። በሴኮንድ ሃያ አራት የተለያየ ምስል ከማሳየት አንዱን ምስል ሁለት ጊዜ እያቆዩ ዐሥራ ሁለት አደረጉት፤ እንቅስቃሴው እንደ ወረቀት ቆረጥ ቆረጥ አለ። ብሉ ስካይ እ.ኤ.አ. በ2021 ተዘግቷል፤ ያች መላ ግን ለእኛ ሳትጠቅም አትቀርም።

የእኛስ ሥዕል ከሁሉም አቅጣጫ ይታያልን? ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ግድግዳውን ያስተዋለ ሁሉ ሕጉን ያውቀዋል። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ኃጥእ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይሁዳ አንድ ዓይን አለው። ጌታን የሚገርፉት ወታደሮችም እንዲሁ። ይኸው ሕግ ወደ ዓድዋ ሥዕል ተሻግሮ የእኛ ሠራዊት በሁለት ዓይን ሲያየን ጣልያኑ በአንድ ዓይን ይተኩሳል። ለእኛ ሠዓሊ የፊት አቅጣጫ ፍርድ ነው፤ ሰውየው ክፉ ይሁን ደግ ጽሑፉን ሳታነብ ትለያለህ።

እንግዲህ በኮምፒውተር የተሠራ ጭንቅላት ይዞራል። ዞሮ ጎኑን ሲሰጥ ጻድቁ ባለ አንድ ዓይን፣ ዞሮ ሲመለስ ይሁዳ ባለ ሁለት ዓይን ይሆናል። ሥጋት የገባኝ ልጁ የሰሎሞንን ጭንቅላት በመዳፊቱ ሲያሽከረክር ባየሁ ጊዜ ነው። በእኛ ቤት ሥዕል ላይ ሰሎሞን በሁሉም ሣጥን ሁለት ዓይን አለው። አሁን አንዱ ዓይን ቀስ እያለ ከአፍንጫው ጀርባ ጠለቀ።

ዘልዬው የነበረውን ሣጥን ላንሣ። በክብረ ነገሥት እንደተጻፈው ሰሎሞን ንግሥቲቱን በግድ እንደማይነካት ይምላል፤ እርሷም ከቤቱ ምንም በግድ እንዳትወስድ ታምላለች። ከዚያ በፊት ግን ውኃ የሚያስጠማ፣ ቅመም የበዛበት ማዕድ አቅርቦላታል። ሌሊት ጥማት ሲያቃጥላት ውኃ ልትጠጣ ትነሣለች፤ እጇን ይይዛታል፤ መሐላሽን አፈረስሽ ይላታል። በሥዕሉ ላይ ይህ ሁሉ አልጋ፣ የውኃ ዕቃና የተዘረጋ እጅ ነው። በሚቀጥለው ሣጥን ንግሥቲቱ ወደ አገሯ ትጓዛለች። የአያቴ ጣት የማይቆመው እዚህ ላይ ነበር። እኅቴ አንድ ቀን «እናቴ፣ ውኃ መጠጣት ስርቆት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። አያቴ «ተይው፣ የነገሥታት ነገር ነው» ብላ ወደ ግመሎቹ አለፈች። ያን ጊዜ የመሰለኝ ታሪኩ እንዳይረዝም ነው።

ሥዕል ይህን ማድረግ ይችላል፤ ጣት ያልፋል፣ መስመሩም ይሸፍናል። ፊልም ግን ጊዜ ነው። ያን ሌሊት በሠላሳ ሴኮንድም ቢሆን ማሳየት፣ ወይም ሆነ ብሎ መቁረጥ አለበት፤ መቁረጡም ራሱ ይታያል። ሰሎሞን ፈገግ ይበል? እርሷ ትደንግጥ? ድምፁስ የአፍቃሪ ነው የአታላይ? ሠዓሊዎቻችን አንድም ቀን ይህን እንዲመልሱ አልተገደዱም፤ ሁለት ዓይን ሰጥተውት አለፉ። የሥርወ መንግሥቱ አባት በመሆኑ ሌላ ሊሰጡት የሚችሉም አይመስለኝም። ዛሬ ያ ሕገ መንግሥት የለም። የእኅቴን ጥያቄ ሳይመልስ የሚወጣ ፊልም ለእኔ ከቲንቲን ጸጉር የባሰ ውሸት ይሆንብኛል።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህ የአሶሳ ብቻ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ የበርታ አዛውንት በዓል ሲሆን ቡና ሊጠጡ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ከሥዕሉ ፊት ቆመው ረድፉን ሁሉ ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ ወፏስ የት አለች?» አሉኝ። በቁርኣን በጉንዳን ምዕራፍ የሳባን ንግሥት ወሬ ለነቢዩ ሱለይማን ያመጣችው ሁድሁድ የተባለችው ወፍ ናት፤ በእኛ ግን ታምሪን ነጋዴው ነው። በእርሳቸው ታሪክ ውስጥ ያ ሌሊትም የለም፤ ውኃ መስሏት ባቷን የገለጠችበት የመስተዋት ወለል አለ። አያቴ ስኒውን እያቀበለቻቸው «ወፏ በርራ ይሆናላ፣ አባባ» አለች፤ ሳቁ። ቀጥለው ወርቅ የጫኑትን ግመሎች በጣታቸው እየነኩ «ይህ ወርቅ የእኛ ነው» አሉ። አሁንም ሳቁ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን እንደ ፊተኛው አልነበረም።

ቀልዱ ሥር አለው። የራስ መኮንን ሠራዊት በ1890 ዓ.ም. ቤኒሻንጉልን ሲያስገብር ከሚፈለገው ነገር አንዱ ወርቁ ነበር። የአሶሳው ሼኽ ሆጀሌ አል-ሐሰንም ለአዲስ አበባ ወርቅ ሲገብሩ ኖረዋል። ከወንዝ አሸዋ ወርቅ የሚያጥቡት ሰዎች በአርባ አራቱ ሣጥን ውስጥ አልተሣሉም። የሠዓሊው ሣጥን ጠባብ ነው፤ ግመሉን እንጂ ጭነቱ የተነሣበትን አያሳይም። የኮምፒውተሩ ካሜራ እዚህ ላይ ሠዓሊውን ይበልጠዋል ባይ ነኝ። ጭንቅላት ከሚያሽከረክር ይልቅ ከሣጥኑ ጠርዝ ወጥቶ ወደ ጎን ይሂድ፤ ግመሎቹን ተከትሎ ወደ ኋላ፣ እስከ ወንዙ ዳር።

ልጁ በባዶ ሜዳ አልተነሣም። ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ጀምበር የተባለውን ጀግና በአማርኛ ጭምር አሳትሟል፤ ዊዝ ኪድስም ከፀሐይ መማር ትወዳለች አሻንጉሊቶች ተነሥቶ ጥበብ ገርልስ እስከተባለው የካርቱን ፊልም ደርሷል። የሚቸግረው ጥበቡ ሳይሆን ለየትኛው ዓይን መታዘዝ እንዳለበት ነው። ስለ ቻርሊ ብራውን ጭንቅላት ነገርኩት፤ አልመለሰልኝም።

ባለፈው ሳምንት ሰባት ሴኮንድ አሳየኝ። የውኃው ዕቃ አለ፤ የማክዳ እጅ ከጨለማው ይዘረጋል። ሰሎሞን ከአልጋው ቀና ብሎ ወደ እኛ ያያል፤ ከዚያ ፊቱ በአንድ ጊዜ ዘልሎ በጎን ሆነ፤ አንድ ዓይን። መካከሉ የለም። ወዲያው ተመልሶ ሁለት ዓይን ሆነ። ልጁ «የትኛው ላይ ላቁመው?» አለኝ። እኔ የምመለከተው መስኮቱን ነበር። ራሷ ላይ ላባ የደፋች አንዲት ትንሽ ወፍ ተቀምጣበታለች፤ ማን እንደነገረው አልጠየቅሁትም።