ይመለስ ወይስ ይቅር?

ጥር 2006 ዓ.ም. ጥምቀትን ጎንደር ልናከብር ከባሕር ዳር ተሳፈርን። ሚኒባሷ ወረታ ስትደርስ ልቧ ቀጥ አለ። ሹፌሩ ሞተሩን ከፍቶ ትንሽ አየና "ዛሬ እዚሁ ናችሁ" አለን። ገና 60 ኪሎ ሜትር እንኳን አልሞላንም! ወረታን ለማታውቁ፦ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚለያዩባት፣ የፎገራ ሜዳ ዙሪያዋን የከበባት፣ እንደኛ ያለው አዲስ አበቤ መኪና ካልተበላሸበት በቀር የማያድርባት ከተማ ናት። እኛም ሦስት ሆነን፣ መለዋወጫው ከባሕር ዳር እስኪመጣ፣ አንድ ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን።

ያን ሰሞን ዋልያዎቹ ለቻን ውድድር ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ሻይ ቤቱ በእግር ኳስ ወሬ ሲታመስ ስለነሱ መስሎን ነበር። አይደለም። ወሬው ስለ አንድ የከተማው ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል። ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ሲደርቅ ደግሞ ጎረምሳው ገለባውን ጠራርጎ፣ ሁለት እንጨት ተክሎ ኳስ ይጀምራል። ልጁ የዚያ ሜዳ ንጉሥ ነበር አሉን፤ የግራ ክንፍ፣ ኳስ እግሩ ላይ ከገባች የማትወጣ። ታዲያ በግማሽ ፍጻሜው፣ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ጨዋታው ቆሞ ሳለ፣ የተጋጣሚውን ተከላካይ ከኋላ ሄዶ እግሩን መታው። እግሩ ተሰበረ። ኳሷ አጠገባቸውም አልነበረችም። አሰልጣኙ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው፣ እዚያው ሜዳ ላይ ማሊያውን አስወልቀው ወደ ቤትህ አሉት። ፍጻሜው ከጥምቀት በኋላ ነው። እናላችሁ ከተማው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ "ይመለስ"፣ ግማሹ "ይቅር"።

እኛ ወዲያው "ይመለስ" ባዮች ሆንን። እንግዳ ሆኖ በሰው ክርክር መግባት ነውር መሆኑን ረስተን ምሩጽ ይፍጠርን ጠቀስን።

ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ የአየር ኃይል ባልደረባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ላይ በ5 ሺህ ሜትር ሲሮጥ ዙሩን ተሳስቶ ቆጠረ። አንድ ዙር ሲቀረው አፈትልኮ ወጣና ጨረስኩ ብሎ ቆመ። ድሉን ፕሪፎንቴይን ወሰደ። በዚያው ውድድር ግን 10 ሺውን አሸነፈ። ይህ እንኳን ሊሳቅበት የሚችል ስህተት ነው። በቀጣዩ ዓመት ሙኒክ ላይ የሆነው ግን አያስቅም። ምሩጽ ኦሊምፒኩ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ፤ 5 ሺው ላይ ግን በሰዓቱ ሳይገኝ ቀረ። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተወርቷል፤ መጸዳጃ ቤት ነበር የሚሉ አሉ፣ ኃላፊዎቹ አዘገዩት የሚሉ አሉ፣ በሩ ተሳሳተበት የሚሉም አሉ። አገር ቤት ሲመለስ የጠበቀው ክስ ግን አንድ ነው፤ ሆን ብለህ ነው የቀረኸው። ታሰረ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአንድ ኦሊምፒክ ላይ፣ ቋንቋው በማይገባው ከተማ፣ አንድ ሯጭ የቱ በር በስንት ሰዓት እንደሚከፈት አውቆ ማድረስ የማን ሥራ ነው? የቡድን መሪ የሚባለው ሰው አብሮ የሚሄደው ለምንድን ነው? ወህኒ የወረደው ግን ሯጩ ነው። ጥፋት ሲፈጠር ለመቅጣት የሚቀለው ሁልጊዜም ከታች ያለው ነው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1973፣ ሌጎስ ላይ በተደረገው የመላ አፍሪካ ጨዋታ ምሩጽ ኢትዮጵያን ወክሎ ሮጠ። በ10 ሺህ ወርቅ፣ በ5 ሺህ ብር ይዞ ተመለሰ። አንድ ሰው በዚያ መንገድ ከተዋረደ በኋላ ያንኑ ማሊያ መልበሱን ስናስበው እኛ ብንሆን የምናደርገው አይመስለንም። በ1976 ሞንትሪያል ላይ አፍሪካውያን በኒውዚላንድ ራግቢ ሰበብ ኦሊምፒኩን ረግጠው ሲወጡ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች፤ ሌላ አራት ዓመት ጠበቀ። በመጨረሻ ሞስኮ 1980 መጣች። ሐምሌ 20 ቀን 10 ሺውን፣ ሐምሌ 25 ቀን 5 ሺውን አሸነፈ። በ5 ሺው መሐል ላይ ታፍኖ ሳለ መሐመድ ከድር ገለል ብሎ መንገድ ሲከፍትለት፣ 300 ሜትር ግድም ሲቀር ማርሹን ቀየረ። (አሜሪካና ኬንያ አልነበሩም ለምትሉ፣ ልክ ናችሁ፣ አልነበሩም። እሱም በ1976 አልነበረም።) አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልን፦ ሞስኮ በኛ አቆጣጠር 1972 ነው። ሙኒክ ደግሞ በፈረንጁ 1972። በፈረንጅ 1972 ያመለጠውን በሐበሻ 1972 አገኘው! ያን ውድድር አሰላ አካባቢ በሬዲዮ ሲያዳምጥ ከነበሩት ሕፃናት አንዱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው።

ይህን ሁሉ ስናወራ ሻይ ቤቱ ጸጥ ብሎ ሰማን። አሸነፍን ብለን ሻይ ደገምን። ያኔ ጥግ ላይ የተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጆቼ፣ ያ የደብረ ታቦር መንገድ ነው" አሉን በእጃቸው እያሳዩ። "ራስ አሊ እዚያ ተቀምጠው ለካሳ ስንት ጊዜ ምሕረት አደረጉለት?"

ያላሰብነው ነበር። ካሳ ኃይሉ ቋራ ላይ ሲሸፍት እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ አሊ ሊያባብሉት የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ቆይቶ ደግሞ አመጸ። እ.ኤ.አ. በ1847 እቴጌ መነንን ራሳቸውን ማረካቸው፤ እሳቸውን ለማስለቀቅ ደጃዝማችነትና ግዛት ተሰጠው። ሌላ ዕርቅም መጣ። እ.ኤ.አ. በ1853 ግን አይሻል ላይ አማቱን ድል አድርጎ አባረራቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ ተባለ። "ምሕረት ያደረጉለት ሰው መንበራቸውን ወሰደ" አሉ አባት፤ የ"ይቅር" ወገን በሳቅ አጀባቸው።

ማታ አልጋችን ላይ ሆነን ነገሩን ስናብላላው አደርን። ራስ አሊ እውነት ይቅር ብለው ነበር? እኛ እንደምናነበው፣ ማሸነፍ ስላቃታቸው ነው የታረቁት። ካሳም ይህን ያውቅ ነበር። አሰልጣኙም ፍጻሜው ስለደረሰባቸው ብቻ ልጁን ቢመልሱት ያው የራስ አሊ ዕርቅ ነው። ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ይሆናል፦ ያለ እኔ አትችሉም። የኛም ምሳሌ ቢሆን ሙሉ አልነበረም። ምሩጽ የማንንም እግር አልሰበረም። በእሱ ላይ የተሠራው ግፍ ስለነበር ወደ ሜዳ መመለሱ ምሕረት ሊባልም አይገባውም።

የሌላውን ጥፋት የተሸከመ ሌላም ሰው በቅርቡ አይተናል። ምንያህል ተሾመ። ለ2014 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ እያለ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 2013 ከቦትስዋና ጋር ተሰለፈ። 2 ለ 1 አሸነፍን። በሳምንቱ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ስናሸንፍ ምድቡን ጨረስን ብለን አደባባይ ወጥተን ጨፈርን። ጭፈራው ሳይበርድ ፊፋ ጉዳዩን እየመረመርኩ ነው አለ። ነጥባችን ከ13 ወደ 10 ወረደ፣ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተሰጣት። ካርድ መቁጠር የፌዴሬሽኑ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ። መንገድ ላይ ግን ስሙ ሲነሳ የከረመው የልጁ ነው። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው አልጣሉትም። በመስከረም መባቻ ኮንጎ ላይ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር የግድ ማሸነፍ በነበረብን ጨዋታ 2 ለ 1 ስናሸንፍ አንዱን ጎል ያገባው ምንያህል፣ ሌላውን ሳላዲን ሰይድ ነው። በ13 ነጥብ ምድቡን መርተን አለፍን።

እና የወረታው ልጅ ከነማን ጋር ይመደብ? የሚመስለው ካንቶናን ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1995 ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ላይ ቀይ ካርድ አይቶ ሲወጣ የሰደበውን ተመልካች ዘሎ በእግሩ የመታው ካንቶና። ፈርጉሰን ፓሪስ ድረስ ሄደው አግባብተው አስቀሩት፤ ይህን የማንዩ ደጋፊ ሁሉ በቃሉ ይዘምረዋል። የሚረሳው ሌላው ክፍል ነው። ስምንት ወር ከሜዳ ታግዷል፤ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሁለት ሳምንት እስር ፈርዶበት፣ በይግባኝ ወደ 120 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተቀየረለት፤ ሰዓቱንም ሕፃናትን ኳስ በማሠልጠን ጨረሰ። ጥቅምት 1 ቀን ከሊቨርፑል ጋር ሲመለስ ጎል አገባ። መጀመሪያ ግን ዕዳውን ከፍሏል።

በማግሥቱ ጠዋት መምህሩን አገኘናቸው። እኛ ሌሊቱን ሙሉ የተፈላሰፍንበትን እሳቸው ቀድመው ጨርሰውታል። ሽማግሌ ልከው ነበር። የተጎዳው ልጅ አባት ሩዛቸው ገና አልተወቃም፤ ሊወቃላቸው የነበረው ልጅ እግሩ በወጌሻ ታስሮ ቤት ተኝቷል። ሽማግሌዎቹ ለሕክምናው ካሳ አስቆረጡ። መምህሩ ደግሞ የራሳቸውን ጨመሩ፤ ልጁ አውድማው ላይ ይዋል፣ ውቂያው ሳያልቅ ማሊያ የለም።

"ፍጻሜውስ መምህር?" አልናቸው።

"እኔ ብቻዬን የምምረው ጥፋት አይደለም" አሉን። "እግሩ የተሰበረው የኔ አይደለማ።"

አውድማውን ሄደን አየነው። ልጁ በሬ እየነዳ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየን። አባትየው ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዩታል፤ አያናግሩትም። ቀትር ላይ ግን አንዲት ልጅ ለሁለቱም በአንድ ትሪ ምሳ አመጣች። አባትየው ትሪውን ትንሽ ገፋ አደረጉለት።

ከጥምቀት መልስ ከአዲስ አበባ ደወልን። ቡድኑ ፍጻሜውን 2 ለ 1 ተሸንፏል። ውቂያው ያለቀው በማግሥቱ ነው። መምህሩ ከከተማው ግማሹ ሰላምታ ነስቶኛል ብለው ሳቁ። ልጁስ አልናቸው።

"ዛሬ ልምምድ ላይ ከሁሉም ቀድሞ ነው የመጣ። ኳስ ገና አልሰጠሁትም። ይሩጥ።"