ለቃሚ ዶቃ፦ የ«ሬዚን» አማርኛ ስሙና ድካሙ

መዝገበ ቃላት «ሬዚን»ን «ሙጫ» ይለዋል። ከዛፍ ለሚወጣው ልክ ነው። በክሮማቶግራፊ አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) ለማጣራት ለሚያገለግለው ሬዚን ግን አይሆንም፤ ሙጫ የያዘውን መልሶ አይሰጥም፣ ይኼኛው ግን መስጠት አለበት። ስለዚህ «ለቃሚ ዶቃ» እንበለው።

በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ያደገ ተማሪ ማጣራትን ከጓሮው ያውቀዋል። የተፋቀ እንሰት ሲጨመቅ የሚወጣው ውሃ ተቀምጦ ሲያድር ነጩ ቡላ ከሥር ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለው ውሃ ይደፋል። አንቲቦዲ ግን ሴሎች ባደጉበት ፈሳሽ ውስጥ ከብዙ ሌሎች ፕሮቲኖች ጋር የሟሟ በመሆኑ ስንት ቀን ቢቀመጥ አይዘቅጥም፤ አንድ በአንድ መለቀም አለበት።

ለቀማው የሚካሄደው ዶቃ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ዶቃ ብዙ ጊዜ ከባሕር አረም ከሚገኝ አጋሮዝ ይሠራል፤ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ አይሞላም፣ ውስጡም ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። በላዩ የተተከለው ፕሮቲን ኤ የለቃሚው እጅ ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ከተባለ ባክቴሪያ ነው። ፈሳሹ ሲያልፍ እጁ አንቲቦዲውን ይይዛል፣ ሌላው ይፈስሳል። አሲድ ሲለቀቅበት እጁ ይፈታል፤ የተጣራው አንቲቦዲ ይወጣል። ከዚያ ዶቃው በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ ለሚቀጥለው ዙር ይዘጋጃል።

ድካሙ የሚመጣው ከሁለት ወገን ነው። በቅድሚያ ከፈሳሹ፦ ስብ፣ ዲኤንኤና ሌሎች ፕሮቲኖች ቀዳዳዎቹን ይደፍናሉ፤ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችም እጁን ይቆርጡታል። ቀጥሎ ከራሱ ከእጥበቱ፦ ኮስቲክ ሶዳ ቆሻሻውን ሲያስለቅቅ በፕሮቲን ኤ ውስጥ ያለውን አስፓራጂን የተባለ አሚኖ አሲድም ይለውጠዋል፤ እጁ ቅርጹን ያጣል። ነጭ ነጠላ ካልታጠበ እድፍ ይበላዋል፤ በረኪና ሲበዛበት ደግሞ ክሩ ይሳሳል። ዶቃውም እንዲሁ ነው።

ምልክቱ ቀስ ብሎ ይታያል። አንድ ሊትር ዶቃ የሚይዘው አንቲቦዲ እየቀነሰ ይሄዳል፣ በቱቦው ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ውዱ አንቲቦዲ ከሚደፋው ጋር ያመልጣል። ለዚህ ነው «ተበላሸ» ከማለት «ደከመ» የሚለው ቃል የሚሻለው፤ ዶቃው አልተሰበረም፣ እጁ ግን ዝሏል።

ሳይንቲስቶች አስፓራጂኑን በሌላ አሚኖ አሲድ እየተኩ ሶዳ የሚችል ፕሮቲን ኤ ሠርተዋል፤ ጥሩ ዶቃ ከመቶ ዙር በላይ ያገለግላል። ይህ ሕመምተኛንም ይመለከታል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠውና በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባው ትራስቱዙማብ እንዲህ የሚጣራ አንቲቦዲ ነው። የአንድ ሊትር ዶቃ ዋጋ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል፤ ዶቃው ቶሎ ሲደክም ወጪው በመድኃኒቱ ላይ ይጨመራል።