ሁለት ጎራ በአንድ ማዕድ



ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ስናስተምር ብዙውን ጊዜ ኮሪያን፣ ጀርመንንና ቬትናምን እንጠቅሳለን። እነሱ በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ስላላቸው ለማስረዳት ይመቻሉ። የእኛ መስመር ግን ያለፈው በቤት ውስጥ ነው። ወልቂጤም ቡታጅራም ይህን ያውቁታል።

መጀመሪያ የውጭውን እንይ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈራረሙ። አሜሪካ አሥመራ ላይ ቃኘው ጣቢያን ይዛ ጦራችንን አስታጠቀች፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮም የሰላም ጓድ መምህራን ወደየትምህርት ቤቱ ገቡ። ጎረቤታችን ሶማሊያ ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት ታጠቀች። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ሚያዝያ 1969 ቃኘው ተዘጋ፤ በሚቀጥለው ወር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሞስኮ ነበሩ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ኅዳር 1970 ዚያድ ባሬ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረሩ። ኃያላኑ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው! ከርዕዮተ ዓለሙ ጀርባ ጥቅም እንደነበረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አገር ውስጥስ? ተማሪዎቼ «ታዲያ ደርግ ኮሚኒስት፣ ኢሕአፓ ዴሞክራት ነበር?» ብለው ይጠይቁኛል። እንደዚያ ቀላል አይደለም። ኢሕአፓም መኢሶንም ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የወጡ፣ ሁለቱም ማርክስንና ሌኒንን የሚጠቅሱ ነበሩ። የተጣሉት በመንገዱ ነው። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አለ፤ መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ መስጠትን መረጠ። ግድያ ግድያን እየወለደ ነጭ ሽብር፣ ቀይ ሽብር ተባለ። መኢሶንም ቢሆን ነሐሴ 1969 ከደርግ ተለይቶ በተራው ታደነ። ከውጭ የመጣው መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ቃልም መጥቷል። «አድኃሪ»፣ «አናርኪስት»፣ «የሲአይኤ ቅጥረኛ» የሚል ስም ከተለጠፈበት የጎረቤት ልጅም ጠላት ይሆናል።

በእኛ አካባቢ ነገሩ ሌላም መልክ ነበረው። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኛን ነፃ አወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው የትርፍ ቤት አዋጅ ግን አዲስ አበባ ወርዶ፣ መርካቶ ነግዶ፣ የሚያከራየው ቤት የሠራውን ጉራጌ መታው። አገር ቤት ያለው ወንድም መሬት ሲያገኝ ከተማ ያለው ቤቱን አጣ። አንድ ቤተሰብ አብዮቱን መርቆም ረግሞም ያድር ነበር።

የእኔም ቤተሰብ ከዚህ አላመለጠም። ሁለት አጎቶቼ በሁለት ጎራ ነበሩ። ለመስቀል ቡታጅራ ሲገናኙ፣ ክትፎው ሲቀርብ፣ አያቴ «እዚህ ቤት ድርጅት አይገባም» ይሉ ነበር አሉ። ድርጅት ግን ገባ። አንደኛው በ1970 አዲስ አበባ ላይ ተይዞ አልተመለሰም። ሌላው ዛሬም ድረስ የወንድሙን ስም አይጠራም፤ ልጆቹም አይጠይቁትም።

ነገር ግን ይኸው ሕዝብ ሌላ ታሪክም አለው። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ሲያስጠርጉ ማንም ጎራህ የት ነው አልተባለም። ሰባት ቤት ጉራጌም ጠብ ሲመጣ ሽማግሌ አስቀምጦ በየጆካ ቂጫ የሚዳኝበት ሥርዓት ነበረው፤ አሁንም አለው። እኔን የሚቆጨኝ ያን ጊዜ የተማርነው ሰዎች ከሽማግሌው ሸንጎ ይልቅ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን በራሪ ወረቀት ማመናችን ነው። «የተማርነው» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወንድማማች የተገዳደለበት ክርክር የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው እኮ።

ዛሬ በመምህራን ክፍላችን በአሜሪካ የተማረውም በሞስኮ የተማረውም አንድ ጀበና ከበው ይቀመጣሉ። ደስ ይላል። ግን የዚያን ዘመን ሰዎች በየቀኑ እያለፉብን ነው። እናንተ ምሩቃን፣ ለመስቀል አገር ቤት ስትገቡ ስልካችሁን አውጡና አባቶችንና እናቶችን ጠይቁ፣ ድምፃቸውን ቅዱ። የሁለቱንም ጎራ። ለመፍረድ ሳይሆን፣ ልጆቻችን ማን እንደጎደለ እንዲያውቁ።