የሽልማቱ ዳኛ ማነው?

የጅማን ቡና ለቃሚው ያውቀዋል፤ ደረጃ የሚያወጣለት ግን ሌላ ነው። ፊልማችንም እንደዚሁ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የወርቁን ፈረስ ወሰደ። ለኦስካር ግን አገራችን መጀመሪያ የላከችው ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራውን «አትሌቱ»ን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010።

እኛን ከጠየቃችሁ፣ ከሁሉ የምናስበልጠው እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን የኃይሌን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ባላባቱ ተቀምጦ ያዛል፤ ጭሰኛው ከነቤተሰቡ ጎንበስ ቀና ይላል፤ ካሜራውም አይቸኩልም።

ጭሰኝነት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቀርቷል። በአጋሮና በሊሙ ግን ከቡናቸው ለባላባት ያካፈሉ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ፊልሙን በኦሮምኛ እያስተረጎምን እናሳያቸው። ፍርዱን መጀመሪያ ከነሱ እንስማ፤ ቬኒስ ከዚያ በኋላ ነው።