የድኻ እህልና የጎተራ ጠባቂ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከብዙ መልካም ተረቶቻችን መካከል የበቀለ እንክርዳድ ነው። የሚናገሩት ሰዎች እየሣቁ ይናገሩታል፤ የሚሰሙትም እየሣቁ ይሰሙታል። ነገር ግን በሣቅ የተዘራ ቃል በዕንባ የሚታጨድበት ጊዜ አለ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን ተረት በታሪክ ፊት አቁመን እንመርምረው። ሹም ከሚበላው ሁሉ የከፋው ለተራበ ሰው የተላከ እህል ስለ ሆነ፥ ምስክሮቻችንን ከዚያ እንጥራ።

ጎተራ ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የንጉሡ እህል በጎተራ ይከማች ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት አገሩን ሁሉ የመታው፥ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ረኃብ በመጣ ጊዜ በመጀመሪያ ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ አንበጣና ተባይም የቀረውን በላ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ የመንግሥቱን ጎተራ አስከፍተው ለተራበው እንዳስታደሉ ታሪክ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ንጉሥ «ይከፈት» ብሎ ቢያዝም በቁና የሚሰፍረው እጅ የንጉሡ እጅ አይደለም። ትእዛዙ ምንም ያህል መልካም ቢሆን፥ ቁናው ከጎደለ ምሕረቱ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ በረኃብ ዘመን ትልቁ ሹመት የጎተራ ጠባቂነት ነው።

ይህም ሹመት ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በማዕቀብ ጊዜ ነው። ማዕቀብ ማለት አንዱን መንግሥት ለመቅጣት ንግዱን፥ ባንኩን ወይም ወደቡን መዝጋት ነው። የሚዘጉት ሰዎች የሚያስቡት ገዢውን ለማስጨነቅ ነው፤ ነገር ግን ማዕቀብ የወደቀበት ገዢ እራቱን ሳይበላ ያደረበት ጊዜ እምብዛም አልታየም። የሚራበው ሕዝቡ ነው። ሕዝቡ ሲራብም ለርዳታ ብቻ የምትከፈት ጠባብ በር ትተዋለች። በር ሲጠብ ደግሞ የበረኛው ዋጋ ይበዛል። ትናንት ማንም የማያውቀው የመጋዘን ሹም ዛሬ የሕይወትና የሞት ሹም ይሆናል።

ለዚህ ነገር የዘመናችን ትልቁ ምሳሌ ኢራቅ ናት። ኢራቅ ኩዌትን በወረረች ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት በነሐሴ ወር 1990 እ.ኤ.አ. ንግድዋን ዘጋባት። ሕዝቡ በብርቱ ስለ ተቸገረ ከ1996 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. «ዘይት ለምግብ» የተባለ ሥርዓት በሥራ ላይ ዋለ። ኢራቅ ነዳጅዋን እንድትሸጥ፥ ገንዘቡም በተባበሩት መንግሥታት ሒሳብ እንዲገባና ምግብና መድኃኒት እንዲገዛበት ተወሰነ። አሳቡ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ነዳጁን ማን እንደሚገዛ፥ ስንዴውንም ማን እንደሚሸጥ የመምረጡ ሥልጣን ለዚያው ለተቀጣው መንግሥት ተተወለት። እርሱም ገዢዎቹንና ሻጮቹን በስውር ማስከፈል ጀመረ። ፖል ቮልከር የተባሉት አሜሪካዊ የመሩት መርማሪ ኮሚቴ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፥ ከ64 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነዳጅ እንደ ተሸጠ፥ የሳዳም ሁሴን መንግሥትም ከሥርዓቱ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል በስውር እንደ ወሰደ፥ በዚህም ክፍያ ከ2,200 የሚበልጡ ኩባንያዎች እንደ ተነካኩ አስታወቀ።

አሠራሩን በአንድ ነገር ብቻ ላሳይህ። የአውስትራሊያ ስንዴ ሻጭ ድርጅት ስንዴውን ከወደብ ወደ አገር ውስጥ ለማጓጓዝ ነው እየተባለ ለአንድ የዮርዳኖስ ኩባንያ ከ220 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። ያ ኩባንያ ግን ስንዴውን አላጓጓዘም፤ ሥራው ገንዘቡን ለኢራቅ መንግሥት ማስተላለፍ ነበር። የሐሰቱ የጭነት ኪራይ በስንዴው ዋጋ ላይ ተጨምሮ፥ ለተራበው ሕዝብ ከተቀመጠው ሒሳብ ተከፈለ። የአውስትራሊያ መንግሥት ያቆመው አጣሪም በ2006 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ እውነቱን ደብቆ እንደ ነበር ገለጸ። እንግዲህ ተመልከት፤ መጋዘን ሰብሮ የገባ ሌባ የለም። ደረሰኝ አለ፥ ፊርማ አለ፥ ማኅተም አለ። ደግሞም ሌብነት የድኻ አገር ሰው ጠባይ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ካሉ፥ ይህን ታሪክ ያንብቡ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነት ብዙ በሮችን ዘጋ። የአሜሪካ መንግሥት መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱን ያራዝማሉ ወይም ርዳታን ያደናቅፋሉ በሚላቸው ላይ ማዕቀብ የሚጥልበትን ትእዛዝ አወጣ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮም ኢትዮጵያን ዕቃዋን ያለ ቀረጥ ከምትሸጥበት ከአጎዋ ዕድል አስወጣት። ከዚህ ይልቅ የከበደው ግን በአገር ውስጥ የሆነው ነበር። በትግራይ ባንክ ተዘጋ፥ ስልክና መብራት ተቋረጠ፥ መድኃኒትና ነዳጅ ጠፋ። መንግሥት «ርዳታ አልከለከልሁም» ሲል፥ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደግሞ መንገዱ ታግዷል ይል ነበር። በሩም እንዲሁ እየጠበበ ሄደ።

ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና እስከ ደብረ ሲና አቅራቢያ በወረደ ጊዜ የሆነውን የእኛ አገር ሰው አይረሳውም። በዚያው ወራት፥ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፥ በኮምቦልቻ የነበሩት የዓለም የምግብ ፕሮግራም መጋዘኖች ተዘረፉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቃል አቀባይ እንደ ተናገሩት፥ ዘራፊዎቹ ከትግራይ ኃይሎች ወገን የሆኑ ታጣቂዎችና አንዳንድ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። በአማራ ክልል ለርዳታ የተመደቡ ሦስት የድርጅቱ የጭነት መኪናዎችም በወታደሮች ተወስደው ለሌላ ሥራ እንደ ዋሉ ተነገረ። ከወዲህም ከወዲያም እጅ ተዘረጋ። በዚያም ምክንያት በደሴና በኮምቦልቻ የምግብ እደላው ቆመ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ በሩም ይሰፋ ጀመር። ነገር ግን በር ቢሰፋም የበረኛው ልማድ ቶሎ አይለቅም። ከሽራሮ መጋዘን 100,000 ሰዎችን ሊመግብ የሚችል እህል መጥፋቱ ተሰማ። የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት፥ በአጭሩ ዩኤስኤይድ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ወደ ትግራይ የሚልከውን ምግብ ማቆሙን አስታወቀ። ከዚያም መርማሪዎቹ በብዙ ክልሎች ያሉ የዱቄት ፋብሪካዎችንና ገበያዎችን ቢያዩ የርዳታ ስንዴ በየቦታው አገኙ። ሰኔ 1 ቀን ድርጅቱ ለመላው ኢትዮጵያ የሚሰጠውን የምግብ ርዳታ አቆመ፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራምም በማግሥቱ እንዲሁ አደረገ። የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር አጣሪዎች ጥፋቱን በኤርትራ ኃይሎች፥ በፌዴራልና በክልሉ ሰዎች ላይ አካፈሉት። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ ጥፋቱን በዋናነት በእርሱ ላይ መጣሉን ተቃወመ። ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ቀሰረ፤ የተራበው ሰው ግን ባዶ ስልቻውን ይዞ ቀረ።

በዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። የድኻ እህል ሁለት ጊዜ ይሰረቃል። መጀመሪያ ሌባው ይወስደዋል፤ ቀጥሎ ሰጪው ስለ ሌባው ተቈጥቶ በሩን ይዘጋል። ከወለጋ ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ውስጥ የተቀመጡት በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በሽራሮ መጋዘን ምን እንደ ሆነ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን እገዳው በእነርሱም ላይ ወረደ። በጥር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባለፉት ወራት በትግራይ 351፥ በአማራ ክልል 44 ሰዎች በረኃብ እንደ ሞቱ ገለጸ። ለዚህ ሁሉ ሞት ምክንያቱ እገዳው ብቻ ነው አልልም፤ ድርቁም፥ ጦርነቱ የተወው ጥፋትም ነበረበት። ዳሩ ግን ዝናብ በከለከለበት ዓመት መጋዘን መዝጋት ቀላል ነገር አይደለም።

ሰጪዎቹስ ትክክል ነበሩን? ብዙ ዓመት በመምህርነት የኖርሁ ሰው ነኝና በትምህርት ቤት ምሳሌ ልመልስ። ከክፍሉ አንድ ተማሪ የባልንጀሮቹን ዳቦ ቢሰርቅ፥ ክፍሉን በሙሉ ምሳ የሚከለክል መምህር ሌባውን አልቀጣም፤ የተሰረቁትን ደገመባቸው እንጂ። ሌብነቱን ዝም ብሎ ማለፍም ሌባውን ማሳደግ ነው። ትክክለኛው መንገድ ዳቦውን ሳያቋርጡ የሚያድለውን እጅ መለወጥ ነበር። ኋላም የተደረገው ይኸው ነው። ርዳታው በ2016 ዓ.ም. ቀስ በቀስ ሲመለስ የተረጂዎችን ስም የመመዝገቡና እህሉን የማከማቸቱ ሥራ ከመንግሥት ሹሞች እጅ ወጣ፤ ጭነት መኪናዎቹም የት እንደ ደረሱ የሚያሳይ መሣሪያ ተደረገላቸው። ይህን ለማድረግ ብዙ ወራት ያለ እህል ማለፍ አልነበረባቸውም።

ደግሞም የሰው በር ለዘላለም ክፍት ሆኖ አይኖርም። ዩኤስኤይድ ራሱ በሰኔ 2017 ዓ.ም. በገዛ መንግሥቱ ውሳኔ ተዘግቷል። የሰጪው ልብ በሩቅ አገር ምርጫና ፖለቲካ ይለወጣል። የእኛ ታማኝነት ግን በእጃችን ነው።

ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገ አንተ ወይም አንቺ የቀበሌ ጸሐፊ፥ የመጋዘን ኀላፊ፥ የጭነት ተቆጣጣሪ ትሆኑ ይሆናል። ሌብነት በጆንያ አይጀምርም፤ በመዝገብ ይጀምራል። የሞተ ሰው ስም ሳይሰረዝ ሲቀር፥ የሌለ ቤተ ሰብ ሲጻፍ፥ ያልደረሰ ጭነት «ደርሷል» ተብሎ ሲፈረም፥ ያን ጊዜ እህሉ ገና ከመርከብ ሳይወርድ ተሰርቋል። ስለዚህ ዝርዝሩ በአደባባይ፥ በተረጂዎቹ ፊት ይነበብ። ሚዛኑም ሁሉ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ያላያችሁትን ነገር አይታችኋል ብላችሁ አትፈርሙ፤ አለቃም ቢያዝ፥ ዘመድም ቢለምን። «ሁሉም ይበላል» የሚል ባልንጀራ ቢመጣ፥ «ሁሉም ቢበላማ የተራበ ሰው ባልኖረ ነበር» በሉት።

ተረቱንም በሁለት ሰዎች ታሪክ እንመልስለት። ዮሴፍ በግብጽ ጎተራዎች ላይ ተሾመ፤ ሰባት የረኃብ ዓመታት በእጁ አለፉ፤ ወንድሞቹ እንኳ እህል ፍለጋ በፊቱ ሰገዱ። ተሹሞ አልሰረቀም፤ አልተቆጨምም። ይሁዳ ደግሞ የደቀ መዛሙርቱን ከረጢት ይይዝ ነበር። ስለ ድኾች የሚያስብ መስሎ ይናገር ነበር፥ ከከረጢቱም ይሰርቅ ነበር። የጀመረው ከጥቂት ሳንቲም ነው፤ የጨረሰው መምህሩን በሠላሳ ብር በመሸጥ ነው። በመጨረሻ የተቆጨው የበላው ነው እንጂ ያልበላው አይደለም።